የእማማ ጦስኝ የትኛዋ ናት?

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ አቦ? ሁለት ዓመት ጠፍቶ ከርሞ «እንዴት ነሽ» ማለት ይከብዳል። የእናንተን እማማ አልቀበርኩም። ለአርባቸውም፣ ለሙት ዓመታቸውም አልመጣሁም። ሦስቴ ስልክ አንስቼ ሦስቴም መልሼ አስቀምጫለሁ። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናለቅሳለን። አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር አለ። እሱም የእሳቸው ነገር ነው።

እማማ ከደብረ ብርሃኑ ጓሮ ነቅለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝን ጦስኝ ታስታውሺያለሽ? አንቺ «ሐረር ሳትደርስ ትሞታለች» ብለሽ ያሟረትሽባትን። ይኸው ስድስተኛ ዓመቷን ያዘች! በኋላ ደግሞ ወንድሜ ከኮረም በላይ ካለው ደጋ ሌላ አመጣልኝ። ሁለቱንም በወተት ጣሳ ተክዬ፣ ስማቸውን በወረቀት ለጥፌ፣ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አምና ክረምት ቤቱ ሲታደስ ጣሳዎቹ ደጅ ወጡ። ወረቀቶቹን ዝናብ በላቸው። አሁን አንዷ እየደረቀች ነው። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።

«የባዮሎጂ አስተማሪ ሆነሽ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በመጽሐፍ ሲሆንማ ቀላል ነው። የዱር ጦስኛችን ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም የአገራችን ብርቅዬ። ታይመስ ሺምፐሪ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ ከሞተው ከጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ከሺምፐር ነው። ታይመስ ሰሩላተስ ደግሞ ስሙ በላቲን «ባለ ትንንሽ መጋዝ ጥርስ» እንደማለት ነው። ስለዚህ የቅጠሉን ጠርዝ ታያለሽ። ልሙጥ ከሆነ ሺምፐሪ፣ ጥርስ ካለው ሰሩላተስ። የእናንተ አገሩ ሺምፐሪ ቅጠሉ አጠር፣ ክብ ያለ ነው፤ መሬት ላይም ይነጠፋል። የኮረሙ ሰሩላተስ ቁጥቋጦ ቢጤ ነው፣ ቅጠሉም ረዘም ይላል።

በረንዳዬ ላይ ግን ሁለቱም መልካቸውን ለውጠዋል። ደጋ ለምደው ሐረር መጡ፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አትሞላም። ጥላውም በዝቶባቸው፣ ፀሐይ ፍለጋ ተንጠራርተዋል። በቁመናቸው መለየት ቀረ።

ትናንት ከምትደርቀው አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ማጉያ መነጽር ይዤ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ግንዷ አራት ማዕዘን ነው፣ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። የታችኞቹ ቅጠሎች ልሙጥ ናቸው። መሃል ላይ፣ ሦስተኛዎቹ ጥንድ ጋ ስደርስ ግን በአንድ በኩል አንዲት ጥርስ አየሁ። ጥርስ ናት? ወይስ ሲደርቅ የተኮማተረ ጠርዝ? ወደ ብርሃኑ ከፍ ሳደርጋት የዘይት ነጠብጣቦቿ በመርፌ የተወጉ ይመስላሉ። ጥርሷ ግን አንዴ ትታየኛለች፣ አንዴ ትጠፋብኛለች። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አየሁ።

የኔዋ እማዬ ሁለቱንም በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችና ጤነኛዋን «የደብረ ብርሃኗ ይቺ ናት» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን በመዓዛ አይፈረድም። ሁለቱም ውስጥ ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል አሉ፣ መጠኑም እንደ በቀሉበት ቦታ ይለያያል። በሻይም ሞከርኳቸው፣ አልለየሁም።

የምትደርቀዋን የጎዳት ውኃ ነው። እኔ ፈተና ሳርም የእህቴ ልጅ ጠዋት ማታ ታጠጣት ነበር። ጦስኝ ደግሞ ሥሩ ላይ ውኃ ሲተኛበት አይችልም። ሥሯ ጠቁሯል። ስምንት ቁራጭ ወስጄ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልኩ። ስድስቱ ሞቱ። ሁለቱ ግን ዛሬ ጠዋት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል! ጫፋቸው ላይ ሰሊጥ የምታህል አረንጓዴ ነገር። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዘር ማብቀሉን ፈራሁት። ሁለቱ አብረው ሲያብቡ ንቧ ከአንዷ ወደ አንዷ ስትመላለስ አይቻለሁ፣ የጦስኝ ዘመዳሞች ደግሞ በቀላሉ ይዳቀላሉ። እኔ የምፈልገው እማማ የሰጡኝን ራሷን ነው።

እና… ጓሮው አለ? ማለቴ፣ ቤቱን አልሸጣችሁትም? እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም። ከሸጣችሁት ግድ የለም፣ እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው። ካለ ግን ከአጥሩ ሥር ካለችው አንድ ቅርንጫፍ በመቀስ ቁረጪልኝ። እንዳትነቅያት። በጋዜጣ መሃል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚባትና ስትደርቅ ላኪልኝ። እኔም የሁለቱን ቅጠል እዚህ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ቀይ ክር የታሰረባት የምትደርቀዋ ናት። የመሃሉን ቅጠል እይልኝ። ዓይንሽን አምነዋለሁ፣ ባሌ፣ ዲንሾ ላይ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ የምንፈልገውን መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነበርሽ።

የእሳቸው ከሆነች፣ ቁራጮቹ ሲጠነክሩ አንዷን ይዤልሽ እመጣለሁ። ካልሆነችም እመጣለሁ። እስከዚያ አትደውዪልኝ፣ ድምፅሽን ስሰማ መናገር ያቅተኛል። ጻፊልኝ።

ያንቺዋ፣
ከሐረር