የባሩድ መጠን ከወዳጅ አይጠየቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኢላማ ተኩስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ባዶ ቀለሃ በባሩድ እየሞላ ጥይት በቤቱ የሚሠራ ሰው የባሩዱን መጠን ልምድ ያለው ወዳጁን ቢጠይቅ ይበቃዋል ይላል። ኧረ አይበቃም!

እኔ እዚህ ዴንቨር ለስድስት ጎራሽ ሽጉጤ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት እሞላለሁ። ይህ ጥይት የመጣው ከጥቁር ባሩድ ዘመን ነው፤ ቀለሃው ረጅም የሆነውም ለዚህ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ታች ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል። ተሳስተው ሁለቴ ቢጨምሩበት እንኳ ሞልቶ አይፈስም፤ ስህተቱም አይታወቅም። ሽጉጥ የሚፈነዳው እንዲህ ነው። ስለዚህ እርሳሱን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን አረር፣ ከመግጠሜ በፊት ቀለሃዎቹን ደርድሬ አንድ በአንድ በባትሪ አያለሁ።

መጠኑን የምወስደው ከባሩድ አምራቹ ሰንጠረዥ ነው፤ ከዝቅተኛው እጀምራለሁ። የምወደው እርሳስ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው ባለ 148 ግሬን (የክብደት መለኪያ ነው) ነው። ወረቀቱን እንደ ቢሮ መብሻ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ነጥብ ሲቆጠር ጭቅጭቅ የለም። ቀለሃው ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ግን የሌላ እርሳስ የባሩድ መጠን አይሆነውም። ጉልበት ጨምሩ የሚሉ ጎረምሶችም አሉ። ወረቀት ለመብሳት ጉልበት ምን ያደርጋል?

በሚቀጥለው እትም ያቺን አረፍተ ነገር ብታርሟት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከዴንቨር