የመምህራችንን ደብተሮች መጽሐፍ እናድርጋቸው፦ የድጋፍ ጥሪ

ለሕግ ትምህርት ቤታችን ምሩቃን፣ ለጠበቆች፣ ለዳኞች፣ ለዓቃብያነ ሕግና ለወዳጆቻችን ሁሉ፤

የሙያ ሥነ ምግባር ያስተማሩን መምህር በመጀመሪያው ቀን ደንብ ይዘው አልገቡም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት ሰሌዳው ላይ ጻፉና ባለጭብጦው ቢሯችሁ ቢመጣ ስንት ታስከፍሉታላችሁ ብለው ጠየቁን። አንዱ ልጅ «አያዋጣም፣ አልይዝለትም» አለ። አንዷ ደግሞ በነፃ እቆምለታለሁ አለች። መምህሩ ወደ እሷ ዞር ብለው «የእሱ ቀጠሮ ከሚከፍልሽ ደንበኛ ቀጠሮ ጋር ቢጋጭብሽስ?» አሏት። ክፍለ ጊዜው በዚህ ክርክር አለቀ። ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል በደንብ ቁጥር 57/1992 መደንገጉን የነገሩን በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ያኔ ግን ሰዓቱ የማን እንደሆነ ገብቶናል።

እኚህ መምህር የማስተማር ዘመናቸውን በሙሉ ለዚህ አንድ ትምህርት ሰጥተዋል። እኔ እንዳየሁት ምርጫው ብዙ የሚያስከብር አልነበረም። ውልና የንግድ ሕግ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል፤ ሥነ ምግባር ግን ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ማሟያ ነው የሚሆነው። እሳቸው ከጠበቆች፣ ከዳኞችና ከሬጅስትራር (የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት) ሠራተኞች የሰሙትን እየጻፉ 11 ደብተር ሞልተዋል። ማን ምን ጠይቆ መጣ፣ ጠበቃው ምን አደረገ፣ ኋላ ምን ተከተለ፤ ሁሉም አለ። በየጠርዙም የተማሪዎች መልስ ከነዓመቱ ሰፍሯል። ለአንዱ ጥያቄ የአንዱ ዓመት ተማሪዎች «ይያዘው» ሲሉ ከዓመታት በኋላ የመጡት «ነውር ነው» ብለዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን የጠርዝ ጽሑፍ ነው።

ጥያቄዎቹ በየቀኑ የሚገጥሙን ናቸው። አምና የባልየውን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ያዘጋጀ ጠበቃ ዘንድ ዘንድሮ ሚስት ለንብረት ክፍፍል ትመጣለች። ደንበኛ ገና ወንበር ሳይዝ «ዳኛውን ታውቀዋለህ?» ይላል። መዝገብ እንዲወጣ ለሻይ የሚባል ነገር ይጠየቃል።

እኔም በሥራ በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ደንበኛ ደረሰኝ አመጣልኝ። ቀኑ የአራት ዓመት፣ ቀለሙ ግን የትናንት ይመስላል። ከፋይሉ ጋር አያይዤው ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁና ጠዋት ለመምህሬ ደወልኩ። እንዲህ አድርግ አላሉኝም፤ ማን እንደጻፈው ጠይቀኸዋል ወይ ብቻ አሉኝ። ጠየቅሁት፣ አልመለሰልኝም። ይህን አላቀርብም ስለው ፋይሉን ተቀብሎኝ ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። የዚያን ወር የቢሮ ኪራይ በብድር ነው የከፈልኩት። ባለፈው ክረምት ደብተሮቹን ስናገላብጥ ይኸው ታሪክ ስሜ ሳይጠራ ተጽፎ አገኘሁት፤ በጠርዙም ሁለት ተማሪዎች ተሳስቷል ብለውኛል።

ደብተሮቹ በአማርኛ መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬም የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የጥቅም ግጭትንና የደንበኛን ምስጢር መጠበቅን በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያልፋል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ግን ደንበኛው እጁን ይዞ የሚለምነው በአማርኛ ነው፤ እምቢ ማለትም በዚያው ቋንቋ ነው። የሕግ ስህተት የሚያርመው የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ በአማርኛ ታትመውልናል፤ በጠበቆች የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ የተሰጡ ውሳኔዎች ግን እንዲያ ተጠርዘው ተማሪ እጅ ሲገቡ አላየሁም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌደራል ጠበቆች ማኅበርን ካቋቋመና ጠበቃ ተከታታይ የሕግ ሥልጠና እንዲወስድ ካዘዘ ወዲህ የማስተማሪያው እጥረት ከዩኒቨርሲቲ አጥር ውጭም ይሰማል።

ያሰብነው ይህ ነው። ከደብተሮቹ 120 ጉዳዮች መርጠናል። ተለቅመው ይተየባሉ፤ ባለጉዳዩን የሚያሳውቅ ስም፣ ቦታና ቀን ሁሉ ይወጣል። የሥነ ምግባር መጽሐፍ የሰው ምስጢር ካወጣ ባይታተም ይሻላልና በዚህ አንደራደርም። አንድ ጠበቃ፣ አንድ የቀድሞ ዳኛና አንዲት መምህርት እያንዳንዱን ገጽ ያለ ክፍያ ሊያነቡ ቃል ገብተዋል። ከዚያ 1,000 ቅጂ ታትሞ ለሕግ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍትና ለነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት በነፃ ይከፋፈላል፤ ለሽያጭ አይቀርብም። መምህራችን ስማቸው ሽፋኑ ላይ እንዳይወጣ ለምነውናል፤ እሺ ብለናል።

ለትየባ፣ ለአርትዖት፣ ለኅትመትና ለማጓጓዣ 650,000 ብር ያስፈልጋል። እስካሁን በእጃችን ያለው 210,000 ብር ነው፤ አብዛኛውን ያዋጡት በቅርብ የተመረቁ ልጆች ናቸው። ቢሮ ከፍታችሁ ለምትሠሩ ታላላቆቻችንና በውጭ አገር ላላችሁ ምሩቃን ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ የዛሬ መልካም ስማችሁ ከዚያች ክፍል ጋር ዝምድና አለው። አንድ የቃል ማማከር የምታስከፍሉበትን ያህል ብትሰጡ እንኳ ብዙ እንሄዳለን።

መዋጮው በእያንዳንዱ ዓመት ምሩቃን ተወካይ በኩል ይሰበሰባል፤ ሒሳቡን ሁለት ሰው በጣምራ ፊርማ ያንቀሳቅሳል፤ የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ ለሁሉም ይላካል። ገንዘብ ባይመቻችሁ የአማርኛ ጽሕፈት የሚያርም ዓይን በጣም ይቸግረናል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል። በሥራችሁ የገጠማችሁና ዛሬም እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ጉዳይ ካለ ደግሞ የባለጉዳዩን ስም አውጥታችሁ ጻፉልን፤ የደብተሩ ጠርዝ ገና ባዶ ቦታ አለው።