ደብዳቤ ለልጄ፦ ጠይቀሽ ራስሽ አትመልሺ

ሚሚዬ የኔ እናት እንዴት ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ጃፓን እንግሊዝኛ ስለምታስተምሪያቸው ልጆች ያልሻትን ነገረችኝ፣ "ተማሪዎቹ አይናገሩም፣ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው፣ ኮንትራቱን ሳልጨርስ እመጣለሁ" ብለሻል አሉ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ሰው አታስጨርሺም፣ ስለዚህ ጻፍኩት። አማርኛው ከከበደሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ይገባሻል።

ክፍል ስትገቢ ሁሉም ብድግ ብለው ባንድ ድምፅ "አይም ፋይን ሳንክዩ፣ ኤንድ ዩ?" ይላሉ፣ ያመመውም ያላመመውም እኩል ፋይን ነው ብለሽ ስቀሽ ነግረሽኛል። ከዛ አንዷን ለብቻዋ ቅዳሜ ምን ሰራሽ ስትያት ጭጭ፣ አንቺም ቶሎ ብለሽ "ቴኒስ? ዩ ፕሌይድ ቴኒስ? ኦኬ ጉድ!" ብለሽ ታልፊያታለሽ። ልጄ፣ ጠይቀሽ ራስሽ አትመልሺ።

እኛ አገር ተማሪ መልሱን ባያውቀውም ጣቱን እያጮኸ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" ነው የሚለው። እዛ ግን በክፍሉ ልጅ ሁሉ ፊት ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላቸዋል። ወደ ጎን ዞረው ከጓደኛቸው ጋር የሚያንሾካሹኩት ኩረጃ እንዳይመስልሽ፣ ከመናገራቸው በፊት ልክ መሆኑን እያረጋገጡ ነው። እንግሊዝኛን የሚያውቁት በሃይስኩል መግቢያ ፈተና ነው፣ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ እንኳን ማርክ ያለው ትምህርት የሆነው በፈረንጆቹ 2020 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱት፣ ወረቀት ላይ ይጫጭሩት፣ ከዛ ጠይቂ። "ሌት ሚ ሲ" የምትለዋንም አስተምሪያቸው፣ ለማሰቢያ ጊዜ ትገዛላቸዋለች። ልጁ "ኤቶ..." ካለ ደግሞ፣ እኛ "እንትን..." እንደምንለው ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ተይው ይምጣ፣ አትመልሺለት።

ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስማር፣ በኛ 1965 መሰለኝ፣ የወሎ ድርቅ ጊዜ፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረን ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ነበረች። የአጎቴ ቤት ከገጠር በመጣ ዘመድ ሞልቶ ጠዋት የሚቀመስ አልነበረም። ሴትዮዋ ሰሌዳው ላይ "ዋት ዲድ ዩ ሃቭ ፎር ብሬክፋስት?" ብላ ጻፈች፣ ከስሩ "አይ ሃድ ብሬድ ኤንድ ቲ"፣ ከዛ በየተራ ማስነሳት። ሁሉም ብሬድ ኤንድ ቲ እያለ ይቀመጣል፣ እኔ ጋ ስትደርስ እውነቱን ልናገር ፈለግኩ፣ "አይ ዲድ ኖት ሃቭ ብሬክፋስት ቢኮዝ..." በሆዴ እስከ ቢኮዝ ደርሻለሁ፣ ድርቅን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል እያልኩ እየፈለግኩ ነው። እሷ ፈገግ ብላ "ብሬድ ኤንድ ቲ?" አለችኝ። "የስ ሚስ።" "ቬሪ ጉድ!" ቁጭ አልኩ። ደግ ሴት ነበረች እኮ፣ ብታውቅ ከራሷ ኪስ ዳቦ ትገዛልን ነበር፣ ትንሽ ብትጠብቀኝ ታውቅ ነበር። አሜሪካ ስመጣ ስንት ነገር ተናገርኩ፣ ታክሲ ውስጥ ከስንቱ ጋር ተከራከርኩ፣ ያቺ ቢኮዝ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች።

አንቺም ከትንሽነትሽ ጀምሮ እንደዛው ነሽ፣ ሃኪሙ የት ነው የሚያምህ ሲለኝ ቀድመሽኝ ትመልሺ ነበር። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ የኔ ቆንጆ፣ አንዳንዴ ግን የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነበር።

አሁን ስሚኝ። የላምባ ማሞቂያውን ስታነጂ መስኮት ገርበብ አድርጊ፣ ሳታጠፊው እንዳትተኚ! ጫማና ባትሪ ከአልጋሽ ስር ይኑሩ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ በባዶ እግርሽ መስታወት ላይ እንዳትወጪ። የትምህርት ቤቱ የምሳ ወረቀት በየወሩ ሲወጣ አሳማ ያለበትን ቀን አብራሽ የምታስተምረዋ ጃፓናዊት ታሳይሽ። በጾም ደግሞ ሾርባቸው የአትክልት ቢመስልም ዳሺ የሚሉት የዓሳ መረቅ ይገባበታል፣ ጠይቂ።

ስለ ኮንትራቱ አልቆጣሽም፣ ትምህርታቸው የሚዘጋው ማርች ላይ ስለሆነ እስከዛ ግን ንቅንቅ እንዳትዪ። ያቺን ልጅም ቅዳሜ ምን እንደሰራች እንደገና ጠይቂያትና የምትልሽን ጻፊልኝ። ዝም ካለችም ዝም በያት፣ አትመልሺላት አልኩሽ።

አባትሽ

ሽሮው ሳምንት ይላካል፣ እናትሽ በርበሬም ልጨምር ትላለች፣ ስንት ኪሎ እንደሚበቃሽ ንገሪያት።