ወደ ጀርመን ድንበር ለሚሄድ የወሎ ሰው ትሪር ትቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሉክሰምበርግ ወይም ቤልጂየም ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከደሴና ከወልድያ የሚነሱ ወላጆች «እግረ መንገዳችንን የጀርመንን ጥንታዊ ከተሞች እንይ» ሲሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው አምስት ስድስት ከተማ የታጨቀበት ዝርዝር ነው። ይህ ምክር ቢቀር ደስ ይለናል። በሦስት ቀን ያን ሁሉ የሚዞር ሰው ቀኑ የሚያልቀው ባቡር ሲጠብቅ ነው። አንድ ከተማ ይመረጥ፣ ሁለት ሌሊት ይታደርበት፤ ለወሎ ሰው ደግሞ አንዱ፣ በሉክሰምበርግ ድንበር አጠገብ ያለችው የጀርመን ከተማ ትሪር ትሁን።

ምክንያቱ ግሸን ነው። መስከረም 21 ቀን አምባሰል ድረስ ተጉዞ ግማደ መስቀሉን የሚሳለም ምእመን፣ መስቀሉን ያስቆፈረችውን ንግሥት እሌኒን ያውቃታል። ልጇ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. ከ306 ጀምሮ ለዓመታት የተቀመጠው ትሪር ነው። 67 ሜትር ርዝመትና 33 ሜትር ከፍታ ያለው የጡብ አዳራሹ ዛሬም ቆሟል። ካቴድራሉ በእሌኒ ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ እንደታነጸ የአገሩ ትውፊት ይናገራል፤ የራስ ቅሏ ነው የሚባለውም እዚያው ይገኛል። መግቢያው በነጻ ነው፤ በቅዳሴ ሰዓት ግን ለጉብኝት አይገባም። እሌኒ አመጣችው የሚባለውን የጌታን ቀሚስ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ግን ያዝናል፤ ለሕዝብ የሚወጣው ከስንት ዘመን አንዴ ነው፣ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር።

ከባቡር ጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ርቀት ላይ ፖርታ ኒግራ አለ፤ «ጥቁሩ በር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ170 አካባቢ ሮማውያን ያቆሙት የከተማ በር ነው። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተደራርበው በብረት የተያያዙ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን ሰው ብረቱን እየፈለቀቀ ወስዶታል፤ ጠጋ ብሎ ላየ ቀዳዳዎቹ አሁንም አሉ። በሩ ከመፍረስ የዳነው ስምዖን የሚባል ባሕታዊ እ.ኤ.አ. በ1035 እስኪያርፍ ድረስ ግንቡ ውስጥ ዘግቶ ስለኖረና ቦታው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው።

ከሉክሰምበርግ በባቡር 50 ደቂቃ ያህል ነው። በሉክሰምበርግ ሁለተኛ ማዕረግ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አይከፈልበትም፤ ነጻው ጉዞ ግን ድንበሩ ላይ፣ ቫሰርቢሊግ ጣቢያ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ላለው ሳይሳፈሩ ትኬት ይቆረጥ፤ ጀርመን ውስጥ ያለ ትኬት የተገኘ 60 ዩሮ ይቀጣል። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለጀመረች ኮፒ ሳይሆን ፓስፖርቱ ራሱ ይያዝ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ የሚበላ ነገር ቅዳሜ ይገዛ።

ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት የሚታደርበትን አገር ነው። ልጅ ዘንድ አሥር ሌሊት፣ ትሪር ሁለት ከሆነ ማመልከቻው ለሉክሰምበርግ ነው። የግብዣ ደብዳቤውና የሆቴሉ ቀን እንዳይጋጭ! ከአውሮፓ ኅብረት የሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ቪዛውም የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ሉክሰምበርግና ጀርመን ሁለቱም በአንድ ቪዛ በሚዞርበት የሸንገን ቀጠና ውስጥ ስለሆኑ መመላለስ ይቻላል፤ መሃል ላይ ወደ ለንደን ከተሄደ ግን መመለሻ የለም።

ተጨማሪ ቀን ላለው ሌላዋ የጀርመን ከተማ አኽን አለች፤ ካቴድራሏ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ጎታ የምትባለው የጀርመን ከተማ ከድንበሩ ሩቅ ናት። ሆኖም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ተጋብዞ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ የሠራበት የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። መመለሻው በረራ ከፍራንክፈርት ለሆነ ሰው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ለጎታ ቢሰጥ እንመክራለን።

የጉዞ አማካሪዎች፣ ከደሴ