ሁለት ነጥብ ያስቆመው ጌም
የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። የእኛ ክበብ ጌም የሚጫወት ሳይሆን ጌም የሚሠራ ክበብ ነው። ይህን በመምህራን ማረፊያ ቡና እየጠጣሁ ቢያንስ አሥር ጊዜ አስረድቻለሁ፤ ይኸው አሁን ደግሞ በጽሑፍ አኖርኩት። አርብ ከሰዓት በኮምፒውተር ክፍሉ በኩል የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ጩኸት «አሸነፍኩ!» ሳይሆን «ቲቸር፣ አሁንም ስታክ አደረገ!» የሚል ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ ማለታቸው ነው።

ዘንድሮ 19 ተማሪዎች ተመዝግበው 14ቱ እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል። 26 ጊዜ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው ማህደር ውስጥ ስላለ እዚህ አልመለስበትም። ካሉን ስድስት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አራቱ ናቸው። አንዱ አንገቱን ካልደገፉት አይነሳም፤ ልጆቹ «ሽባው» ይሉታል፤ ቢሆንም ይሠራል።

የሠሩት ጌም «ሲራራ» ይባላል። ተጫዋቹ ወጣት ነጋዴ ሆኖ ከአፋር ቆላ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ገበያ ይወጣል። በየመንገዱ ከሰው ጋር ይጨዋወታል፣ ይከራከራል፣ ይዋዋላል። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ጌም አርፒጂ ይሉታል። ተኩስ የለበትም፤ ነገሩ ሁሉ ንግግር ነው። የታሪክ መምህራችን አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ከነገሯቸው በኋላ የጌሙ ሒሳብ ሁሉ በአሞሌ ሆነ። ዝናብ ሲመታው ገንዘቡ እየሟሟ የሚያልቅ እንዲሆን ያደረጉት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ይህን እኔም የታሪክ መምህሩም አላሰብነውም።

ጌሙ ንግግር ነው ካልን ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ሲወጣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሙዚቃው ይቀጥላል፤ በቅሎዋ ግን አንድ እግሯን እንዳነሳች ትቀራለች። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም 5 ሰከንድ ያህል ለመልእክቶቹ መልስ ካልሰጠው እንደ ሞተ ስለሚቆጥረው መስኮቱ ነጣ ይላል፤ ያን ጊዜ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ይገፋል።

መቆሙ ብቻ ቢሆን ልጆቹ ይችሉት ነበር። ያስከፋቸው ሌላ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሞክሩት ይሠራል፣ አማርኛ ሲያስገቡ ይቆማል። ጥቅምት ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ኮምፒውተር አማርኛ አይወድም ማለት ነው» አለኝ። ንግግሩን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እንለውጠው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ድምፅ ተሰጠበት፤ 8 ለ 6 አማርኛ አሸነፈ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ፊቴ ግን ሳይታወቅብኝ አልቀረም።

የመጀመሪያው ጥፋት ኅዳር ላይ ተገኘ። ጽሑፉ ፊደል በፊደል እየተንጠባጠበ እንዲወጣ ፈልገው ነበር፤ የሚያበቃበትን ቦታ ግን ከፋይሉ መጠን ወስደውታል። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የፋይል መጠን መለኪያ) ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። ፕሮግራሙ ሦስቱን ፊደል አሳይቶ የቀሩትን ስድስቱን ሲጠብቅ ይኖራል። ባይት መቁጠሩን ትተው ፊደል እንዲቆጥር አደረጉት፤ ሄደ። በዚያው ሰሞን ፎንቱን በሰከንድ 30 ጊዜ ከዲስክ እንደ አዲስ ይጭኑት እንደነበርም ደረስንበት፤ እሱ የሚያንቀራፍፍ እንጂ የሚያስቆም አልነበረም፤ አንድ መስመር ቦታ ቀይረው ተገላገሉት።

ከዚያ በኋላ የቀረን አንድ ሰው ብቻ ነበር። በምንጩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ።

ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ያወራሉ። ነጋዴዋ ታወራለች፣ የኬላው ጠባቂ ያወራል፣ ሕፃኑ ሳይቀር ይለፈልፋል። ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ጌሙ ይሞታል። የገረመን ደግሞ ሰላምታ ሲሰጡ ደህና ናቸው፤ ተረታቸውን ሲጀምሩ ነው የሚቆመው። ታኅሣሥና ጥር በዚህ አለፉ። በመካከሉ ለሁለት ሳምንት መብራት ስላልነበረ ኮዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፈን ተከራክረናል። ትምህርቱ እንዲያውም በዚያ ጊዜ በረታ፤ ግን ይህ እንደ ዘዴ ተቆጥሮ መብራት እንዳይጠፋብን ሳልፈራ አልቀረሁም።

የሽማግሌውን ንግግር ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። ተረቱ የአያቷ ነው። ሁሉም «ያንቺ ሰውዬ ነው የሚያስቆመው» እያሉ ሲያስቸግሯት ጽሑፉን ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው አርብ መጥታ ግማሹን ቆርጣ ሞከረች፤ ቆመ። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ከፈለች፤ ቆመ። እንዲህ እያለች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ፣ ከታች ራሷ ጻፈችው። የሷ ሠራ። የአያቷ ቆመ።

ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች አድርጋ ፎንቱን አተለቀችው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወንበሯን አዙራ «ቲቸር፣ አያቴ ሁለት ነጥብ ያደርጋል» አለችኝ።

ነገሩ ይህ ነው። መስመር የሚቆርጠው ኮድ ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ ነው። ሳጥኑ የሚችለውን ያህል ቃል ያስቀምጥና የተረፈውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዳል። በአያትየው ጽሑፍ ውስጥ ግን ባዶ ቦታ የሚባል የለም፤ በቃልና በቃል መካከል «፡» ነው ያለው። ኮዱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ደግሞ ይህን ምልክት እንደ ባዶ ቦታ አይቆጥረውም። ስለዚህ አንቀጹ በሙሉ ለኮዱ አንድ ቃል ሆነ። ያ «ቃል» ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፤ ይውረድ ይባላል። ታችም አይገባም፤ አሁንም ይውረድ። እስከ ነገም ቢሆን ይወርዳል። ሰላምታው ያልቆመው አጭር ስለሆነ በአንድ መስመር ስለሚበቃ ብቻ ነው።

አንድ ልጅ ወዲያው «በቃ ሁለት ነጥቡን እናጥፋው» አለ። እሷ «አይሆንም» አለች። በዓመቱ በቡድን ፊት የተናገረችው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ኮዱን አስተካከሉት፤ «፡» ባለበት እንዲቆርጥና ምልክቱን በመስመሩ መጨረሻ እንዲያቆይ፣ ከሳጥኑ የሰፋ ቃል ቢመጣም በፊደል ከፍሎ እንዲያልፍ። ፊደላችን ከነሁለት ነጥቡ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት መዝገብ፣ ገብቷል፤ የጠፋው የእኛ ጥንቃቄ ነበር።

የካቲት ላይ አምስት ሆነን አያትየውን ቤታቸው ድረስ ሄደን አየናቸው። የዓመቱ ጉዞ የምንለው ይህን ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ ወጪው ከኔ ኪስ። ጡረታ ሳይወጡ በፊት በመሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። የኔን ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አደረግንላቸው። የጌሙ ሽማግሌ በምንጩ አጠገብ አፋቸውን ከፍተው ያንን ተረት መናገር ሲጀምሩ አያትየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። እስከ መጨረሻው አነበቡት። ልጆቹ ምን እንደሚሉ ሲጠብቁ «ሦስት ወር ያቆምኳችሁ እኔ ነኛ?» አሉ። የልጅ ልጃቸው «አይ አባባ፣ ኮዱ ነው» አለቻቸው። «ታዲያ ልክ ነው፤» አሉ፣ «እኛ ጊዜ ሁለት ነጥብ የረሳ ጸሐፊ ገጹን እንደገና ነበር የሚመታው።» ባትሪው እዚያ ላይ አለቀ። ቡናው ግን ሦስተኛ ደርሷል።

በወላጆች ቀን «ሲራራ»ን ለማሳየት ተዘጋጅተን ነበር። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ለድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚበቃው ተባለ። ወላጆች ጌሙን ያዩት በፎቶ ነው። ለእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ በመገዛቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ልጆቹም አምሮባቸዋል። እኛ የምንፈልገው ከማሊያው ያነሰ ነው፤ ሁለት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)፣ ለቆሙት ሁለት ኮምፒውተሮች ራም፣ ለ«ሽባው» ደግሞ አንድ የፓወር ኬብል። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ይህን ካነበባችሁ፣ ያገለገለ ቢሆንም እንቀበላለን።

አባባ በልጅ ልጃቸው በኩል ሁለተኛ ተረት ልከውልናል፤ በእጅ የተጻፈ 14 ገጽ ነው። ሁለት ነጥቡ በየቦታው አለ። መጨረሻው ላይ ግን «፨» አድርገውበታል፤ እሱን ገና አልሞከርነውም።