ማንበብ ሳታስተምሩ አትጣሏቸው፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት የመጀመሪያ ምርጫዬ አልነበረም። እንግሊዝኛ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ክፍሉ ጻፍኩ። ለዲኑ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ ያለውን ቢሮ በአካል ሄጄ አናገርኩ። ያገኘሁት መልስ «ይታያል» የሚል ብቻ ነው። እስካሁን ያየው የለም። ደብዳቤዎቼ ከግቢው አጥር አልወጡም። ስለዚህ በቀጥታ ለእርስዎ እጽፋለሁ፤ ሌላውም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። በሪሚዲያል ፕሮግራም፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያላለፉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው አቅማቸውን እንዲያሻሽሉ በተከፈተው ፕሮግራም፣ ከሚመጡልን ተማሪዎች ብዙዎቹ አንብበው መረዳት አይችሉም። እኛም ይህን አናስተምራቸውም። ከዚያ ፈትነን እንጥላቸዋለን።

ማንበብ አይችሉም ስል ፊደል አይለዩም ማለቴ አይደለም። ቃሉን ይብዛም ይነስም ይጠሩታል። ግራመር ቢጠይቋቸው ደንቡን በቃላቸው ይወጡታል። አንድ አንቀጽ አንብበው ሲጨርሱ ግን ስለ ምን እንደሚያወራ መናገር ያቅታቸዋል። ዋናው ሐሳብ የቱ ነው ሲሏቸው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይደግሙታል። መሀል ላይ የገባች አንዲት ማያያዣ ሐሳቡን እንዳዞረችው አያስተውሉም። የማያውቁት ቃል ሲገጥማቸው ከዙሪያው ገምቶ ማለፍ እንደሚቻል የነገራቸው የለም። እዚያው ቃል ላይ ተተክለው ይቀራሉ።

አምና ያስተማርኳትን አንዲት ተማሪ ልንገርዎት። ከገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ከፊት ትቀመጣለች፤ አትቀርም፤ አታረፍድም። አንድ ቀን ሞጁሏን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ገጹን ሳየው ደነገጥኩ። በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አናት ላይ የአማርኛ ፍቺ በእርሳስ ተጽፏል። መዝገበ ቃላቱ ብዙ ፍቺ የሰጠበት ቦታ ላይ ሁሉንም ደርድራዋለች። እንግሊዝኛው በእርሳስ ተውጦ መስመሩ አይታይም። ሌሊቱን እሱን ስትሠራ እንዳደረች ዓይኗ ያስታውቃል።

ጽሑፉ ስለ አፈር መሸርሸር ነበር። «እሺ፣ ምን ይላል?» አልኳት። የጻፈቻቸውን የአማርኛ ቃላት አንድ በአንድ አነበበችልኝ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልወጣቸውም። ሞጁሉን ዘጋሁትና «እናንተ አገር ዝናብ አፈሩን ሲወስደው ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳት። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች። ጎርፉ ከየት ተነሥቶ የትኛውን ማሳ እንደበላ ነገረችኝ። አባቷና ጎረቤቶቻቸው እርከን ሲሠሩ ድንጋዩን እንዴት እንደሚደረድሩ በእጇ አሳየችኝ። ዳገቱ ላይ የነበረው ዛፍ ከተቆረጠ ወዲህ ምን እንደመጣ ሳልጠይቃት ቀጠለች። ምንባቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፤ ከዚያም በላይ ነበር። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለስን። መጀመሪያ ርዕሱን፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ተከታዩን፤ እርሳስ ሳትነካ። ግማሹ ላይ ስንደርስ ቀና ብላ «እኛ አገር የሚሆነውን ነው እንዴ የሚያወራው?» አለችኝ።

ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። አእምሮዋም ምንም አልጎደለውም። አንብቦ መረዳትን ማንም ያላስተማራት ልጅ ናት።

እንዲህ ያለ ተማሪ ደግሞ ከሰማይ ዱብ አላለም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። እነዚያ ልጆችና ከእነሱ ኋላ የነበሩት ከክፍል ወደ ክፍል አለፉ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነባቸው። በገዛ ቋንቋው አንብቦ መረዳትን ያልለመደ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ፊዚክስ አንብብ ተባለ። የቀረለት መንገድ ሽምደዳ ነው። ሲያቅተው ደግሞ ኩረጃ።

ከዚያ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ፤ ቁጥጥሩም ጠበቀ። ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ኩረጃው መዘጋቱን ያኔም ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግን ቁጥሩን ካየን በኋላ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ አልተጠየቀም። እነዚህ ልጆች የወደቁት ትምህርቱን ስላላወቁት ነው ወይስ ጥያቄውን አንብበው ስላልተረዱት? መልሱ ለየተማሪው ይለያያል። ለይተን ለማወቅ ግን አልሞከርንም።

ሪሚዲያል በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ካላቸው መምህራን አንዱ ነበርኩ። በመጨረሻ ለእነዚህ ልጆች ሁለተኛ ዕድል ተሰጠ ብዬ ነበር። የሆነውን ግን እርስዎም ያውቁታል። ተማሪው ይመጣል። ዶርም ይሰጠዋል፣ መታወቂያ ይወጣለታል፣ ሞጁል ይታደለዋል። በምን ደረጃ እንደሚያነብ አንድም ሰው አይጠይቀውም። ከዚያ የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት እንደገና እናስሮጠዋለን። ያላነበበውን መጽሐፍ አሳጥረን እንሰጠዋለን ማለት ነው።

ሞጁሉ ምንባብ አለው ይሉኝ ይሆናል። አለው። ምንባብ መስጠትና ንባብ ማስተማር ግን ለየቅል ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ «ምንባቡን አንብቡና ጥያቄውን ሥሩ» እንላለን፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እናርማለን፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ማንበብ የሚችለው ያገኛል፤ የማይችለው ይስታል። የሳተው ልጅ ለምን እንደሳተ፣ የቱ ጋ እንደጠፋበት፣ በምን መንገድ ሊመለስ እንደሚችል የሚነገርበት ደቂቃ የለም። እኛ መምህራኑም ብንሆን ለዚህ አልሠለጠንም። የተማርነው ሥነ ጽሑፍና ሰዋስው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ሰው አንብቦ መረዳትን እንዴት እንደሚያስተምሩት ያሳየን የለም።

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ውጤት ቢያበቃ ባልከፋ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከመቶው 30ው በዩኒቨርሲቲው፣ 70ው ደግሞ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና እንዲያዝ ተደረገ። ያ ፈተና የሚነበብ ነው። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ የሚያውቀውን እንኳ የሚያሳይበት ቦታ የለውም። በአንድ ጉድለት በሁሉም ትምህርት ይቀጣል። እኛ ደግሞ ውጤቱን አይተን «ምንም አያውቅም» እንላለን። የአፈሩን ነገር ያቺ ልጅ እንዴት እንደነገረችኝ ካየሁ በኋላ ይህን አባባል መስማት ያመኛል።

ከእሷ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ፈቃደኛ የሆኑትን ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ ጀመርኩ። አጫጭርና ቀላል ጽሑፍ መረጥኩ። መጀመሪያ ስለ ርዕሱ በሚያውቁት ቋንቋ እናወራለን። ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ ያነባሉ። ወረቀቱን ገልብጠው የገባቸውን ለጎረቤታቸው ይነግራሉ፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ፣ እንደሚቀናቸው። ከዚያ እንደገና ያነባሉ። ለውጡ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ንባብ ላይ ነው። ጣቱን መስመር ላይ እየጎተተ ያነብ የነበረው ልጅ ጣቱን ያነሣል። «እዚህ ጋ የሚለው ከላይኛው ጋር ይጋጫል» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የመጣው ገብቷቸው ስለነበር ነው። ምንም የተለየ ጥበብ የለበትም፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው።

ጊዜውን ከለከሉኝ። «ፖርሽን አልጨረስክም» ተባልኩ። ክፍሉ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ለማሠራት ተፈለገ። ልምምዱን ከሞጁሉ ውጭ መሥራት አይፈቀድም ተብሎ በቃል ተነገረኝ። በጽሑፍ ስጡኝ ስል የሚጽፍ ጠፋ።

ልጅቷ ለጥቂት ነጥብ ወደቀች። ክሊራንስ ልታስፈርም ስትዞር መንገድ ላይ አገኘኋት። ፍራሿን መልሳለች፤ ካፌው ፈርሞላታል። ላይብረሪውም የወሰደችው መጽሐፍ እንደሌለ አረጋግጦ ፈርሟል። እውነት ነው፣ አልወሰደችም። እኛ ግቢ የሪሚዲያል ተማሪ መጽሐፍ አውጥቶ ዶርሙ እንዲያነብ አይፈቀድለትም። መንግሥት አብልቷት፣ አሳድሯት፣ መምህር መድቦላት፣ አንድ መጽሐፍ እጇ ላይ ሳያኖር መለሳት። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ግን እሷ እንዳልበቃች ነው። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ደብዳቤውንም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ንባብ የአንደኛ ደረጃ ሥራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ልክ ነው፣ እዚያ መሠራት ነበረበት። ግን አልተሠራም፤ ልጁም አሁን እኛ ጋ ነው ያለው። አቅሙን አሻሽላለሁ ብሎ የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ጥፋቱን ወደ ታች ክፍል መግፋት አይችልም። የአራት ወር ጊዜ አይበቃም የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሁሉንም አያስተካክልም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ያቺ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የደረሰችበትን አይቻለሁ። ጊዜው አጭር ከሆነ ቅድሚያ ሌላውን ሁሉ ለሚከፍተው ነገር መሰጠት አለበት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተማሪዎቹ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የንባብ ደረጃቸው ይለካ፤ ለመጣል ሳይሆን ማን ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ። ደካማ የሆኑት በትንንሽ ቡድን ሆነው በየቀኑ የሚያነቡበት ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ በግልጽ ይያዝላቸው፤ በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል። በዩኒቨርሲቲው ከሚሰጠው ነጥብ የተወሰነው ለዚሁ ይዋል። እኛን መምህራኑን ሥራው ከመጀመሩ በፊት አሠልጥኑን። ላይብረሪው ደግሞ ለሪሚዲያል ተማሪም መጽሐፍ ያበድር፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ አንድ መመሪያ ይበቃል።

የሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ከመመደባቸው በፊት መልስዎን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍና ይፈረምበት፤ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቹ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር