ጠረጴዛውን ለጨረታ ሰጠሁት

ሰላም ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? እናትህስ ደህና ናቸው? ስንቴ ልጽፍልህ ብዬ ሥራ እየጠራኝ ተውኩት። አንተም ጠፍተሃል፣ ስለዚህ አንወቃቀስ። ጅማ ከገባህ ወዲህ ቡናው ነው መሰለኝ ያስረሳህ። እኔ ደህና ነኝ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ጓዛችንን ጠቅልለን ወጣን፤ የእንጨት ሥራ ሱቁ አሁን ተክለ ሃይማኖት ነው።

ያልሰማኸው ከፍርስራሹ ያተረፍኩትን ነው። የአንዱን ቤት የወለል ጣውላ ለማገዶ ሊሸጡት ሲጭኑ ደርሼ ገዛሁት። ዝግባ! ያውም ስንት ዘመን ደርቆ የኖረ፣ ከእንግዲህ ልጣመም የማይል። ዝግባን ታውቀዋለህ፣ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከዋንዛ፣ ከኮሶና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ነበር፤ እንዲህ ያለው ከአሮጌ ቤት ካልሆነ ከየት ይገኛል? ላዩ ጠቁሮ ነበር። መላጊያ ሲነካው ግን ውስጡ ቅቤ መሰለ። ብቻ ሚስማሩ አሳሩን አሳየኝ። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ አንዱ የመላጊያዬን ምላጭ ሸረፈው። ሚስማር የነበረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። በሰጋቱራና በኮላ ልደፍነው አስቤ ተውኩት፤ የፒያሳ ቤት እንደነበረ ይታይ ብዬ።

ከሱ ለስምንት ሰው የሚሆን የምግብ ጠረጴዛ ሠራሁ።

ታዲያ ለአረጋውያን መርጃ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች መጥተው ለጨረታ የሚሆን ነገር ስጡን አሉ። ገንዘብ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ? ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኤምዲኤፍ የሚሉት የፋብሪካ ጣውላም ማጠፊያውም ቫርኒሹም አልቀመስ ብሏል። የእጄን ሥራ ግን መስጠት እችላለሁ። ጠረጴዛውን ሰጠኋቸው። ከቁርጥራጩ ደግሞ አንዲት ረከቦት ሠርቼ ጨመርኩ፣ እንዲያው ለምርቃት።

ጨረታው ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ጠረጴዛው ቀረበ። ሰው ዞሮ አየው፣ ዳበሰው፣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። አጫራቹ መነሻ ዋጋውን ሲጠራ ጭጭ! አንዱ «ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማን ያወጣልኛል?» ብሎ ይስቃል። እውነቱን ነው። ሌላዋ ጥቁር ነጥቦቹን አይታ «ቀለም ይጎድለዋል» አለች። ከየት የመጣ እንጨት እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር፣ መድረክ ላይ ግን ማንም አላነበበውም። መጨረሻ ላይ አንድ ሰውዬ ከመነሻው ጥቂት ጨምሮ ወሰደው። የጉልበቴን ተወው፣ የእንጨቱንም ዋጋ በቅጡ አልሸፈነም።

ከዚያ ረከቦቷ ወጣች። ያኔ ብታይ! ሁለት መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እነዚህ ሲጨምሩ እነዚያ ሲጨምሩ እልህ ተጋቡልህ፣ አጫራቹ እስኪያልበው ድረስ። ያሸነፉት ከፍለው ሲያበቁ «መልሳችሁ ሽጡት» አሉ። ሁለተኛ ተሸጠች! ቤተ ክርስቲያን ግቢ የስለት ጃንጥላ ሲጫረት ዋጋው የት እንደሚደርስ ታውቃለህ፤ ጃንጥላ አጥቶ የሚጫረት የለም። ይሄም ያው ነው። ያቺ የቁርጥራጭ ሥራ የጠረጴዛውን እጥፍ አስገባች።

አልተናደድኩም፣ ገንዘቡ ገብቷልና። ግን ለጨረታ የሚሰጥ ዕቃ እንደ ሱቅ ዕቃ መታሰብ የለበትም። በእጅ ተንጠልጥሎ ወደ ቤት የሚገባ፣ ሰው ፊት ከፍ ተደርጎ የሚታይ መሆን አለበት። ትልቅ ዕቃ ከተሰጠ ደግሞ ማድረሻው አብሮ ይሰጥ፤ አንድ አይሱዙ የሚያውስ ሰው ቢገኝ ጠረጴዛዬ እንደዚያ አይዋረድም ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከገና በፊት ሌላ ጨረታ ያዘጋጃሉ። ያንን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንድትሠራልኝ እፈልጋለሁ፤ በሱ እጅህ ከኔ ይበልጣል፣ አትግደርደር። ከገበሬ ጓሮ የወደቀ ዋንዛ ፈልግ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካዋልከው ይሰነጠቃል። ቫርኒሽ አትቀባው፣ እሱን እኔ እዚህ እጨርሰዋለሁ። ለምታውቀው ሹፌር ስጠውና ደውልልኝ፣ አውቶብስ ተራ ሄጄ እቀበላለሁ፤ የጭነቱ ሂሳብ በኔ። ስንት እንደምትልክ ብቻ ቶሎ ንገረኝ፣ የዕቃውን ዝርዝር እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጉታል።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።